ለገጣፎ ጓሯችን ውስጥ የመዋኛ ገንዳ፦ ቁፋሮ ከመጀመራችን በፊት ሐሳባችሁን ስጡን

የጓሮ_ሐሳብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ 500 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለን፤ ከጀርባው 16 በ11 ሜትር የሚሆን ባዶ ጓሮ ተርፎናል። እኔና ባለቤቴ እዚያ ላይ ገንዳ ለመሥራት ከወሰንን ቆይተናል። ሦስት ልጆች አሉን፣ የመጨረሻው ገና ሦስት ዓመቱ ነው። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፤ ሐኪማቸው ውሃ ውስጥ መራመድ ይጠቅምዎታል ብሏቸዋል። ለዚያ ሲባል መሐል ከተማ ድረስ መመላለስ በዚህ ትራፊክ የማይሞከር ነው።

አርክቴክቱ የሳለልን 10 በ5 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ከ1.2 ተነስቶ 2.4 ይደርሳል። ቦታው ከቤቱ በስተሰሜን፣ አጥሩን ተከትለው ከቆሙት ባሕር ዛፎች ሥር ነው፣ ጥላ ይኖረዋል ብሎ። ቅርጹ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፣ ያያያዝኩትን ሥዕል ሲያዩት ያምራል። ኮንትራክተሩ ደግሞ ክረምት ሳይገባ እንጀምር እያለ ያጣድፈናል።

ውሃው ያለ ማሞቂያ ይቻላል? ክሎሪን ይሻላል ወይስ የጨው ሲስተም? ያላሰብነው ነገር ካለ ሳታዝኑልን ንገሩን።

ሱሉልታ_ነኝ፦
እንኳን ወደ ገንዳው ዓለም በደህና መጣሽ። እኛ ሱሉልታ ላይ ገንዳ አለን፣ ስለዚህ ብርዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ያለ ማሞቂያ አይቻልም። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ቴርሞሜትር ስከትበት 14 ዲግሪ ያሳየኛል፤ እናንተ ከእኛ ትንሽ ዝቅ ስለምትሉ አንድ ሁለት ዲግሪ ትሻሉ ይሆናል እንጂ ያው ነው። ለመዋኘት ደስ የሚለው ከ26 እስከ 28 ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው እናት ደግሞ ከ30 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ልጆች 20 ላይ ዘለው ይገባሉ፣ ግን ከንፈራቸው ጠቁሮ ወዲያው ይወጣሉ።

ሰው የሂልተንን ገንዳ አይቶ አዲስ አበባ ላይ ገንዳ ይሞቃል ብሎ ያስባል። ያ ውሃ ከምድር የሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው፣ የፍልውሃ ጸጋ ነው። እኛ ዳር ያለነው ያንን አላገኘንም።

የአፈር_ሰው፦
እህቴ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ክሎሪኑ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ቅርጹን ከመምረጥሽ በፊት አፈሩን እዪ።

በእናንተ አካባቢ ብዙ ቦታ ላይ ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው፣ ገበሬው ኮቲቻ የሚለው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ያበጠው አፈር የገንዳውን ግድግዳ ከጎን ይገፋል፣ ወለሉን ከሥር ያነሳል። በየዓመቱ እንዲህ ሲገፋና ሲለቅ የከረመ አርማታ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ሴራሚክ መቀያየር ፋይዳ የለውም። መድኃኒቱ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ መጣልና በገረጋንቲ ወይም በሌላ በማያብጥ ሙሌት መተካት ነው፣ በየ20 ሳንቲሙ እየጠቀጠቁ። ከግድግዳው ውጪም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ጥቁር አፈር አርማታውን መንካት የለበትም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ክረምት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከገንዳው ወለል በላይ ከወጣ፣ ባዶ ገንዳ ከሥር ተገፍቶ ከመሬት ይነሳል። ሰው አያምነኝም፤ ነገር ግን 2 ሜትር ጠልቆ የተቀበረ ባዶ ሣጥን በዙሪያው ውሃ ሲከበው መንሳፈፉ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ሥር ጠጠርና የተበሳ ቱቦ ተነጥፎ ወደ አንድ ጉድጓድ ይፈስሳል፣ ወለሉ ላይም ከሥር የሚመጣን ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ይገጠማል።

ኮንትራክተሩ ክረምት ሳይገባ ልቆፍር ማለቱ ያሰጋኛል። አሁን ሚያዝያ ላይ ነን። ቆፍሮ ሳይጨርስ ዝናብ ከደረሰ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ጎኑ ይናዳል፣ የጎረቤት አጥርም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቁፋሮ ከመስቀል በኋላ ነው።

እናት_ከአያት፦
ነርስ ነኝ፣ ልጆችም አሉኝ። የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ ስትይ ልቤ ደነገጠ። ስለ አጥሩ ንድፉ ላይ ምንም አልጠቀስሽም። የግቢው አጥር አይቆጠርም፤ ልጁ ያለው ከውስጥ ነው። ገንዳው ለብቻው፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ልጅ የማይንጠላጠልበት፣ ቋሚ ብረቶቹ መሐል የልጅ ጭንቅላት የማያሳልፍ አጥር ያስፈልገዋል። በሩ ወደ ውጪ የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ፣ መክፈቻው ደግሞ ልጅ እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት መሆን አለበት። ወንበር ወይም የአበባ ማሰሮ አጥሩ አጠገብ አይቀመጥ።

ሕፃን ሲሰምጥ አይጮኽም። ድምፅ እሰማለሁ ብላችሁ ኩሽና ውስጥ አትቆዩ። የሰፈር ልጅ ኳስ ፍለጋ አጥር ዘሎ ሊገባ እንደሚችልም አስቡ።

2.4 ሜትሩ ለምን እንዳስፈለገ ደግሞ አልገባኝም። ማን ሊዘልበት ነው?

ቧንቧና_ፓምፕ፦
ከእህታችን እስማማለሁ፣ በገንዘብም ብታዩት ያው ነው። 10 በ5 በአማካይ 1.8 ጥልቀት ማለት 90 ሜትር ኪዩብ ነው። ይህ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ዘጠኝ ጊዜ ሲመላለስ ማለት ነው። 8 በ3.5 አድርጋችሁ ከ1.1 እስከ 1.5 ብታደርጉት በአማካይ 1.3 ይሆንና ወደ 36 ሜትር ኪዩብ ይወርዳል። ልጆቹ ይዋኙበታል፣ አማትሽም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቆሙ ይራመዱበታል።

ሙቀቱን በዚህ ቁጥር እዪው። 36 ሜትር ኪዩብን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 42 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። 90ው ቢሆን ከ100 በላይ ነው። ከ16 ወደ 28 ለማድረስ በ12 አባዢው። በቀጥታ በመብራት ማሞቅ አይታሰብም። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀት ከአየር ስቦ ወደ ውሃው የሚያስገባው ማሽን፣ ከሚበላው መብራት ሦስት አራት እጥፍ ሙቀት ይሰጣል፣ ግን ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ስለሚወርድ ቀን ቀን ነው ማሠራት ያለብሽ። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ጣሪያ ላይ የሚነጠፍ ጥቁር የፕላስቲክ የፀሐይ ማሞቂያ ነው፤ ስፋቱ ከገንዳው ስፋት ከግማሽ በላይ ቢሆን፣ ብርድ ወራት ላይ ደግሞ እኩል ቢጠጋ ጥሩ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ ይዙር።

ከሁሉ በላይ ግን ሽፋን! ገንዳ አብዛኛውን ሙቀት የሚያጣው በትነት ነው። ሌሊቱን ሳይሸፍኑ ማሞቅ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሽፋኑ እንዲገጥም ደግሞ ገንዳው አራት ማዕዘን ይሁን፤ ጎበጥ ላለ ገንዳ ሽፋን ማሠራትም ማንሳትም ጣጣ ነው።

የጓሮ_ሐሳብ፦
ጋሼ የአፈር ሰው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናት ከአያት፣ አንቺም ተባረኪ፤ መልስሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት። 2.4ቱን ዛሬውኑ ሰርዘነዋል። ወንድሜ ቧንቧና ፓምፕ፣ 8 በ3.5 ያልከውን ለአርክቴክቱ ልኬለታለሁ።

አንድ ጥያቄ። ፀሐይ ማሞቂያው ወደ ደቡብ ይዙር ካልክ፣ ገንዳው ከቤቱ በስተሰሜን መሆኑ ችግር አለው?

ቧንቧና_ፓምፕ፦
አለው እንጂ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይም ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት። 7 ሜትር የሚቆም ቤት በዚያ ሰዓት ከ4 ሜትር በላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ገንዳው ቤቱን ተጠግቶ ከሆነ ሙቀት በጣም በሚፈልግበት ወር ጥላ ውስጥ ዋለ ማለት ነው። ከግድግዳው 5 ሜትር አርቁት። የመሠረት ጉዳይም አለ፤ ከቤቱ መሠረት አጠገብ ጠልቆ መቆፈር አደጋ ነው።

5 ሜትር ስታርቁት ግን ባሕር ዛፉ ሥር ልትገቡ ነው። እሱ መነሳት አለበት። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ ከውሃው ፊት ቆሻሻ የሚስበውን ስኪመር ይደፍናል፣ ውሃውን ያጠቁራል፤ ሥሩ ደግሞ ውሃ ፍለጋ የማይገባበት የለም።

የአፈር_ሰው፦
ዛፉን በተመለከተ ልጨምር። ባሕር ዛፍ ጥቁር አፈር ላይ ሲቆም ውሃውን መጥጦ መሬቱን ያደርቀዋል። ሲቆረጥ ያ አፈር እርጥበቱን መልሶ ያገኝና ዓመት ሁለት ዓመት ቀስ እያለ ያብጣል። ስለዚህ አሁኑኑ ቁረጡት፣ ጉቶውን ከነሥሩ አውጡት፣ ክረምቱ ይለፍበት።

ውሃ_በፈረቃ፦
ቅር እንዳይላችሁ፣ ግን ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለገዳዲ ግድብ አጠገባችን ሆኖ ውሃው ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል፤ እኛ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ፈረቃችን ሲደርስ ሌሊት ተነስተን በርሜል የምንሞላ ሰዎች ነን። አንድ ቤት 90 ሜትር ኪዩብ ከዚያ መስመር ልሙላ ቢል ከታች ያለው ሰፈር ምን ይደርሰዋል? ልጆቻችሁ እንዲዋኙ እኔም ደስ ይለኛል፣ የእናታችሁንም ጤና እመኛለሁ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን ንድፉ ላይ ይጻፍ።

የጓሮ_ሐሳብ፦
ወንድሜ፣ በጭራሽ ቅር አላለኝም፤ እኛም የዚያው ፈረቃ ተጠቃሚዎች ነን። ከቧንቧ አንሞላም። ከሰርቪሱ ጋር ጣሪያችን 200 ካሬ ሜትር ይሆናል። የዝናብ ውሃ ይበቃ ይሆን?

ቧንቧና_ፓምፕ፦
ይተርፋል! 200 ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ 200 ሊትር ነው፤ በየቦታው የሚባክነውን ቀንሰሽ 160 በዪው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአማካይ በየወሩ ከ200 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። ከአንዱ ወር ብቻ 32,000 ሊትር አገኘሽ። ሁለቱ ወር ገንዳውን ሞልቶ ሮቶዎችሽንም ይሞላል።

አሸንዳው መጨረሻ ላይ ግን የመጀመሪያውን ዝናብ የሚያስወግድ ቱቦ ይኑር፤ በጋውን የተከማቸው አቧራና የወፍ ኩስ ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም። የዝናብ ውሃ ካልሲየም ስለሌለው ደግሞ የሴራሚኩን ማያያዣ እያሟሟ ይበላል። ከሞላ በኋላ ካልሲየም ክሎራይድ ተጨምሮ የውሃው የካልሲየም መጠን መስተካከል አለበት።

በጋ ላይ የሚተነውን በግምት በቀን 4 ሚሊሜትር ብንል፣ 28 ካሬ ላይ ከ110 ሊትር በላይ ነው። ሽፋን ካለው አብዛኛው ይቀራል። የሚጎድለውን ከሮቶው ታሟያላችሁ።

ውሃ_በፈረቃ፦
እንዲህ ከሆነ ምንም ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም የአሸንዳውን አሠራር በዝርዝር ብትጽፉልን ገንዳ የሌለን ሰዎችም እንጠቀምበታለን። የአበባ እርሻዎቹ ጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ በተነጠፈበት ኩሬ የሚሠሩትን በየቤታችን የማንሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋሽንግተን_ኗሪ፦
እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ለገጣፎ ቦታ አለኝ። እዚህ ሁሉም ወደ ጨው ሲስተም ሄዷል፤ ዓይን አያቃጥልም፣ ለቆዳ ይለሰልሳል። ወጪውን ችላችሁ እሱን ግቡበት እላለሁ።

ሱሉልታ_ነኝ፦
ወንድሜ፣ ምክርህ ጥሩ ነው፤ የእኛን ብርድ ግን አስብበት። የጨው ሲስተምም ክሎሪን ነው የሚያመርተው፣ ከጨው በመብራት ይለየዋል። ብዙዎቹ ማሽኖች ውሃው ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ማምረት ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። እኛ ጋ ያ የታኅሣሥ ጠዋት ነው። መብራት ሲጠፋም አብሮ ይቆማል። ክሎሪኑን የሚያመርተው የማሽኑ ክፍል፣ ሴሉ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ምን እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ጨውስ አገር ውስጥ አለ፣ አፍዴራ ይመስገን፤ ለ36 ሜትር ኪዩብ ከ110 እስከ 145 ኪሎ ይበቃል፣ አዮዲን ያልገባበት ንጹሕ ከሆነ።

እኔ የምጠቀመው 65 በመቶ የዱቄት ክሎሪን ነው። ለእናንተ ገንዳ 55 ግራም ገደማ ክሎሪኑን በሊትር አንድ ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል፤ መጠኑ ከ1 እስከ 3 ይሁን፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.2 እስከ 7.6። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነች ጠዋት የጨመርሽው ክሎሪን ከሰዓት በፊት ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ሳያኑሪክ አሲድ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ይገባል፣ እሱ ከፀሐይ ይከላከልለታል። ክሎሪንና ፒኤች የሚቀንሱበት አሲድ ግን በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ፣ በአንድ ባልዲም አይነኩ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ዋሽንግተን_ኗሪ፦
ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ያልከው አሳምኖኛል። አመሰግናለሁ።

እናት_ከአያት፦
ለአማትሽ የመግቢያ ደረጃው ጉዳይ አይዘንጋ። ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ጉልበት ለሚያማቸው ሰው አይሆንም። ሰፊ ደረጃ ይሠራ፤ መርገጫው ከ30 ሳንቲም የማያንስ፣ ከፍታው ከ15 እስከ 18፣ በሁለቱም በኩል የእጅ መደገፊያ ያለው። የደረጃው ጠርዝ በጠቆረ ሴራሚክ ይለይ፣ ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ ይመስላል። የመጨረሻው ደረጃ ሰፋ ብሎ መቀመጫ ቢሆንላቸው እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡበታል። ዙሪያውን እብነ በረድ አታንጥፉ፣ ሲርስ ያዳልጣል። ሻካራ የአምቦ ድንጋይ ይበቃል።

ቧንቧና_ፓምፕ፦
የፓምፑን ቤት ንድፉ ላይ ሳየው ከገንዳው በላይ፣ ጥግ ላይ ነው ያስቀመጠው። ይውረድ። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የመሳብ አቅሙ ባሕር ጠረፍ ካለው ይቀንሳል። ከገንዳው ውሃ ፊት እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ውሃው ራሱ ይመጣለታል። በሰዓት 6 ሜትር ኪዩብ የሚገፋ ፓምፕና 500 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአሸዋ ማጣሪያ ይበቃችኋል፤ በስድስት ሰዓት ውሃው አንዴ ይዞራል። ሰዓት ቆጣሪው ባትሪ ያለው ይሁን፣ ያለ ባትሪው መብራት በጠፋ ቁጥር ወደኋላ ይቀራል።

የወለል መምጠጫው አንድ ብቻ ነው የተሳለው። ሁለት ይሁን፣ ተራርቆ፣ ክዳኑም የታወቀ ዓይነት። አንድ ብቻ ሲሆን የልጅ ፀጉር ወይም ሰውነት ከያዘ ሙሉው የፓምፕ ጉልበት እዚያ ላይ ያርፋል። መብራቶቹ 12 ቮልት፣ መስመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጥ ሊኬጅ ብሬከር፣ ብረት የሆነው ሁሉ ኤርዝ ይደረግ።

ማጣሪያውን ስታጥቡ የሚወጣው ውሃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ አይግባ፤ ክሎሪኑ እዚያ ያሉትን ተህዋስያን ይገድላል፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ለብቻው ሮቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ፀሐይ መትቶት ለሣር ይሁን።

የጓሮ_ሐሳብ፦
አርክቴክቱ ትናንት አዲስ ንድፍ ይዞ መጣ። አራት ማዕዘን፣ 8 በ3.5፣ ከቤቱ 5 ሜትር የራቀ፣ ሰፊ ደረጃ ያለው። አጥሩም ገብቷል። ባለቤቴ ባሕር ዛፎቹን የሚቆርጡ ሰዎች አነጋግሯል። ፈቃዱንም ባለቤቴ እየጠየቀ ነው፤ ኮንትራክተሩ አያስፈልግም ቢልም ወደ ሸገር ከተማ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማረጋገጥን መርጠናል። ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ስንለው ግን ተቆጣ፤ ጉድጓዱ ደረቅ ነው፣ 2 ሜትር ቆፍሬ አይቻለሁ ይላል። በእርግጥ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ የለም። ከላይ እስከ ወገብ ጥቁር አፈር ነው፣ ከዚያ ቀላ ያለ፣ ሥሩ ላይ ቋጥኝ። ጋሼ፣ ምን ይላሉ?

የአፈር_ሰው፦
ሚያዝያ ላይ ደረቅ የሆነ ጉድጓድ ስለ ነሐሴ ምንም አይነግርሽም። ሥሩ ቋጥኝ መሆኑ ለመሠረት መልካም ነው፣ ግን ውሃው ቋጥኙ ላይ ተኝቶ የሚቀርበትም እሱ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱን በከንቱ አትድፈኑት። መሐሉ ላይ የታችኛው ግማሹ በቀዳዳ የተበሳ የፒቪሲ ቱቦ ይቁም፣ ጫፉ ከገንዳው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ። በተበሳው ዙሪያ ጠጠር ይሞላ፣ ከላይ በጭቃ ይደፈንና ክዳን ይደረግበት፤ ክፍት ጉድጓድ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ አይቀመጥም። ከሐምሌ ጀምሮ በየሳምንቱ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ እያወረዳችሁ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደደረሰ ደብተር ላይ ጻፉ። ያ ቁጥር የወለሉን ውፍረት፣ የፌሮውን ብዛት፣ የማስተንፈሻውን መጠን ይወስናል። ለመዋቅር መሐንዲሱ ስጡት።

አርማታው ካለቀ በኋላም ሴራሚክ ሳይለጠፍ በውሃ ይፈተሽ። ለዚህ ቦቴ ማስመጣት ወጪ ነው፣ ግን አይዘለል። ባልዲ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጣችሁ እስከ ገንዳው ውሃ ልክ ሙሉት፣ ሁለቱንም ምልክት አድርጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የባልዲው የወረደው በትነት ነው፤ የገንዳው ከዚያ በላይ ከወረደ ያፈስሳል።

ሱሉልታ_ነኝ፦
የጋሼን የባልዲ ምክር አጥብቀሽ ያዢ። አንድ ጎረቤታችን ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው ማፍሰሱን ያወቁት፤ ስንጥቁን ለማግኘት ግማሹን አስነቀሉት፣ ሠሪው ደግሞ ስልኩን አያነሳም። ክፍያውን በየደረጃው ከፋፍላችሁ የመጨረሻውን ከፍተሻው በኋላ አድርጉት፣ ውሉ ላይም ይጻፍ።

የጓሮ_ሐሳብ፦
ውሉን በዚሁ መልክ እናስተካክላለን፣ ካልተስማማ ሌላ እንፈልጋለን። ቱቦውን የሚያቆሙ ልጆች ቅዳሜ ይመጣሉ። ጋሼ፣ የቱቦው ስፋት ስንት ይሁን?

የአፈር_ሰው፦
63 ሚሊ ይበቃል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ እንዳይደፈኑ የተበሳውን ክፍል ውሃ በሚያሳልፍ ጨርቅ፣ በጂኦቴክስታይል፣ ጠቅልሉት፤ ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ የወባ አጎበር ሁለት ሦስት ዙር ያገለግላል። የቱቦው አናት ከመሬት 30 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ የጎርፍ ውሃ ከላይ ከገባበት ልኬቱ ይዋሻል። የነሐሴውን ንባብ እዚሁ ጻፊልን።